የተማሪው ማርክ የት ያድራል?

መምህር የሆነ ሰው ሁሉ ሮስተርን ያውቃል። ከየትምህርቱ መምህር የተሰበሰበውን ማርክ ሊስት የክፍሉ ኃላፊ መምህር በእጁ ይገለብጣል፣ ይደምራል፣ ያካፍላል፣ ደረጃ ያወጣል፤ ከዚያም ለመዝገብ ቤት ያስረክባል። ከዚያች ቀን ጀምሮ ያ ወረቀት የተማሪው ሀብት ነው። ልጁ አድጎ፣ ጢም አብቅሎ፣ ከዐሥር ዓመት በኋላ ትራንስክሪፕት ፍለጋ ቢመጣ መዝገብ ቤቱ አቧራውን አራግፎ ያወጣለታል። ዛሬ ግን ይህ ሥራ በብዙ ቦታ በኮምፒዩተር የሚከናወን ሆኗል። ኮምፒዩተሩም ብዙ ጊዜ በትምህርት ቤቱ ቢሮ የተቀመጠው ሳይሆን ባሕር ማዶ የሚገኝ፣ በወር ኪራይ የሚሠራ፣ በተለምዶ «ክላውድ» የሚባለው ነው። እንግዲህ ማርኩ የት ያድራል? ማንስ ያስቀምጠዋል? ሲፈለግስ ማን ያወጣዋል?

ፕሮግራም የሚጽፉ ሰዎች ይህን ሥራ የሚያስረክቡት «የመረጃ ማኖሪያ ላይብረሪ» ለሚባል ተዘጋጅቶ ለተቀመጠ የፕሮግራም ክፍል ነው። ዓይነቱ ብዙ ስለሆነ መምረጥ ግድ ይሆናል። ብዙዎች የሚመርጡት በፍጥነቱ ወይም በዝናው ነው። እኛ ግን ካርቱም ውስጥ ስናስተምር በደረሰብን ነገር የተነሣ ሌላ መመዘኛ ይዘናል፤ ይኸውም ማሽኑ ሲሞት፣ መስመሩ ሲቋረጥ፣ ኪራዩ ሳይከፈል ሲቀር መረጃው ምን ይሆናል የሚለው ነው።

በቅድሚያ ስለ ቦታው ጥቂት እንበል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ተለይቶ ካልተነገረ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ኤፕሪል 15 ቀን 2023፣ በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ የፋሲካ ዋዜማ ነበር። በካርቱም የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ለበዓሉ ሲሰናዱ በሱዳን ጦር ሠራዊትና «ፈጥኖ ደራሽ» በሚባለው ኃይል መካከል በከተማይቱ ውስጥ ጦርነት ፈነዳ። መሥሪያ ቤቶችና ባንኮች ተዘጉ። ፓስፖርት መስጠት ለወራት ቆሞ በኋላ በፖርት ሱዳን እንደገና ተጀመረ። በኦምዱርማን አህልያ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የመሐመድ ዑመር በሺር ማዕከል ቤተ መጻሕፍት በሜይ 2023 ተቃጠለ። በ2023 ሊሰጥ የነበረው የሱዳን ሁለተኛ ደረጃ መልቀቂያ ፈተና የተጀመረው በዲሴምበር 28 ቀን 2024 ነው፤ ያውም በሁሉም ክፍለ ሀገር አልነበረም። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ከካርቱም ተሰድዶ በሌላ ከተማ ወይም በሌላ አገር ትምህርት ቤት በር ላይ የቆመ ተማሪ ሁሉ የተጠየቀው አንድ ነገር ነበር፤ «ማስረጃህ የታለ?»

ሰሌዳና ደብተር

ኮምፒዩተር ሁለት ዓይነት ማስታወሻ አለው። አንደኛው እንደ ጥቁር ሰሌዳ ነው፤ ፈጣን ነው፣ በቅርብ ነው፣ ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ግን ይጠፋል። ሁለተኛው እንደ ደብተር ነው፤ ለመጻፍም ለማንበብም ጊዜ ይወስዳል፣ መብራት ቢጠፋም ግን የተጻፈው እንደ ተጻፈ ይኖራል። ፕሮግራም የሚያስበው በሰሌዳው ላይ ነው። መረጃን ማኖር ማለት ከሰሌዳው ወደ ደብተሩ መገልበጥና በሚፈለግበት ጊዜ መመለስ ነው።

ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ችግሩ ሰሌዳውና ደብተሩ የሚጻፉበት መንገድ የተለያየ መሆኑ ነው። በፕሮግራሙ ውስጥ «ተማሪ» አንድ ሙሉ ነገር ነው፤ ስም አለው፣ ክፍል አለው፣ ማርኮቹ በውስጡ ናቸው። በመረጃ ቋቱ ውስጥ ግን ሁሉ ነገር በሠንጠረዥ ነው፤ የተማሪዎች ሠንጠረዥ ለብቻ፣ የማርኮች ሠንጠረዥ ለብቻ፣ በመካከላቸው የሚያገናኛቸው የመለያ ቁጥር ነው። ይህን አሠራር በ1970 በጽሑፍ ያቀረበው የአይ.ቢ.ኤም. ተመራማሪ የነበረው ኤድጋር ኮድ ሲሆን እስከ ዛሬ ድረስ አልተተካም። ላይብረሪው በሁለቱ መካከል የሚቆም አስተርጓሚ ነው ማለት ይቻላል።

ይበልጥ የሚስማማው ምሳሌ ግን የመዝገብ ቤት ሠራተኛው ነው። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ «የእገሌን ፋይል አምጡልኝ» ይላል እንጂ ፋይሉ በየትኛው መደርደሪያ በስንተኛው ረድፍ እንዳለ አያውቅም። ሠራተኛው ያውቃል። ይህ ታላቅ ዕረፍት ነው። ነገር ግን ሠራተኛው እንዴት እንደሚሠራ ከቶ የማያውቅ ኃላፊ አንድ ቀን ፋይሉ ሲጠፋ የሚይዘው የሚጨብጠው ያጣል።

ከእነዚህ ሠራተኞች መካከል ስመ ጥሮቹን ብንጠቅስ፣ ለጃቫ ቋንቋ በ2001 በጋቪን ኪንግ የተጀመረው ሃይበርኔት፣ ለፓይተን ቋንቋ በ2005 የወጣው ጃንጎና በ2006 በማይክ ቤየር የወጣው ኤስኪውኤል አልኬሚ፣ ለማይክሮሶፍት ቋንቋዎች ደግሞ በ2008 የወጣው ኢንቲቲ ፍሬምዎርክ ናቸው። ሁሉም ፕሮግራመሩ ኤስኪውኤል የሚባለውን የመረጃ ቋት ቋንቋ በእጁ እንዳይጽፍ ይረዱታል። ልዩነታቸው ምን ያህል እንደሚሸፍኑለት ነው። ኤስኪውኤል አልኬሚ ለምሳሌ ሁለት ፎቅ አለው፤ ላይኛው ሁሉን ነገር ይሠራልሃል፣ ታችኛው ዐረፍተ ነገሩን ራስህ እንድታዋቅር ይተውሃል። እኛ መጀመሪያ የመረጥነው ጃንጎን ነበር፤ ምክንያቱም ለተማሪ ለማስረዳት ይቀላል። ይህን ምርጫ ዛሬም አንጸጸትበትም። የተሳሳትነው በሌላ ነገር ነው።

በአንድ ሌሊት የጠፋው ማርክ

የኢትዮጵያውያን ልጆች በሚማሩበት አንድ የካርቱም ትምህርት ቤት ሒሳብና ኮምፒዩተር እናስተምር ነበር። ከጦርነቱ ሁለት ዓመት ገደማ በፊት ከኮምፒዩተር ክበብ ልጆች ጋር የማርክ መያዣ ፕሮግራም ጻፍን። በትምህርት ቤቱ ኮምፒዩተር ላይ ሲሞከር እሰየው የሚያሰኝ ነበር። መምህራን ከየቤታቸው በስልክ ማርክ እንዲያስገቡ ስለ ፈለግን ፕሮግራሙን በክላውድ በተከራየነው ማሽን ላይ ጫንነው። የዘጠነኛ ክፍል መምህራን ለሦስት ቀን ማርክ ሲያስገቡ ሰነበቱ። በአራተኛው ቀን ጧት ገጹን ስንከፍት ፕሮግራሙ ደኅና ነው፤ ተማሪ ግን የለም፣ ማርክም የለም፤ እንደ ተወለደ ሕፃን ንጹሕ ነው። ዕድሜ ለወረቀቱ ማርክ ሊስት፣ ሁሉንም እንደገና አስገባነው። አንድ አንጋፋ የባዮሎጂ መምህር «እናንተ ልጆች፣ ከዚህስ የኔ ቀይ እስክሪብቶ ይሻላል» አሉን፤ መልስ አልነበረንም።

ምን ሆኖ ነው? መረጃውን ያስቀመጥነው ኤስኪውኤላይት በሚባለው ቋት ነበር። ኤስኪውኤላይትን ሪቻርድ ሂፕ የተባለ አሜሪካዊ በ2000 ነው ያወጣው፤ መረጃውን ሁሉ በአንድ ፋይል ውስጥ ይይዛል፣ ራሱን የቻለ አገልጋይ ማሽን አይፈልግም፣ በእያንዳንዳችን ኪስ ውስጥ ያለው ዘመናዊ ስልክ ሁሉ ይጠቀምበታል። በራሱ ዲስክ ላይ ብቻውን ሲሠራ እንከን አይወጣለትም። ነገር ግን በክላውድ የተከራየነው ማሽን የእኛ ኮምፒዩተር አይደለም። አከራዩ በፈለገ ጊዜ፣ አንዳንዱም በ24 ሰዓት ቢያንስ አንድ ጊዜ፣ ማሽኑን አጥፍቶ ከመጀመሪያው ቅጂ እንደገና ያስነሣዋል። በቅጂው ውስጥ የነበረው ይመለሳል፤ ከዚያ ወዲህ በዲስኩ ላይ የተጻፈው ይጠፋል። ደብተር ነው ብለን የጻፍንበት ለካስ ሌላ ሰሌዳ ኖሯል። ይህ ደግሞ የተደበቀ ነገር አልነበረም፤ በውሉ ላይ ተጽፏል፤ እኛ አላነበብነውም እንጂ።

ሌላም ነገር አለ። ሥራ ሲበዛ ክላውድ የፕሮግራሙን ቅጂዎች በብዙ ማሽኖች ላይ ያስነሣል። እያንዳንዱ ቅጂ የራሱን የኤስኪውኤላይት ፋይል ከያዘ አንድ ክፍል ሁለት ሮስተር ይኖረዋል ማለት ነው፤ ሁለቱም አይስማሙም። በዚህ ላይ ኤስኪውኤላይት በአንድ ጊዜ የሚያስጽፈው አንድ ጸሐፊ ብቻ ነው። ስለዚህ በክላውድ ለመጠቀም የሚፈልግ ሰው ከማሽኑ ጋር የማይጠፋ ዲስክ ለብቻው ተከራይቶ፣ ፕሮግራሙንም በአንድ ማሽን ወስኖ መሆን አለበት።

እኛ ወደ ፖስትግሬስኪውኤል ተሸጋገርን። ይህ በ1986 በካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ በማይክል ስቶንብሬከር መሪነት ከተጀመረው ጥናት የተወለደ፣ ያለ ክፍያ የሚገኝ፣ በራሱ ማሽን ላይ የሚኖር የመረጃ ቋት ነው። የላይብረሪውን ውለታ ያየነው እዚህ ላይ ነው፤ ከፕሮግራሙ ውስጥ የለወጥነው ጥቂት መስመር ብቻ ነበር። ሆኖም ግን «ላይብረሪው ስላለ ቋት መቀየር ምንም አይደለም» የሚሉትን አትመኑ። ከማርክ ሊስቱ በጅምላ ስናስገባ አንድ መምህር በቁጥር ፈንታ «ቀሪ» ብለው የጻፉትን ቃል ኤስኪውኤላይት በቁጥር ዐምድ ውስጥ ዝም ብሎ ተቀብሎት ነበር። ፖስትግሬስኪውኤል አልቀበልም አለ። ትክክለኛው እሱ ነው። ቀሪ የሆነ ተማሪ ዜሮ አላገኘም፤ ቃልም ቁጥር አይደለም፤ ለብቻው ዐምድ ያስፈልገዋል።

ስለ ዐምድ ካነሣን ላይቀር፣ የእኛን ስምና የእኛን ቀን ሳይፈትኑ ላይብረሪ መምረጥ የሚያስከትለውን ጣጣ እናንሣ። የግዕዝ ፊደል በኮምፒዩተር ዓለም አቀፍ የፊደል ሰንጠረዥ፣ በዩኒኮድ፣ የገባው በ1999 ነው። ዩ.ቲ.ኤፍ. 8 በሚባለው አጻጻፍ እያንዳንዱ የላቲን ፊደል አንድ ባይት ሲወስድ፣ ዐረብኛው ሁለት፣ የእኛው ሦስት ይወስዳል። «ገብረመድኅን» ሰባት ፊደል ነው፤ 21 ባይት ነው። የዐምዱን ስፋት በፊደል ሳይሆን በባይት የሚቆጥር ቋት ላይ 20 ብሎ የወሰነ ሰው ይህን ተማሪ ሊመዘግበው አይችልም። «የቤተሰብ ስም» የሚል ባዶ ቦታ የሚያስገድድ ፕሮግራም ደግሞ በኢትዮጵያውያንም በሱዳናውያንም ዘንድ የአባትንና የአያትን ስም ያምታታል። የላይብረሪዎቹ የቀን ዓይነት ዐሥራ ሦስተኛ ወር አያውቅም፤ ጳጉሜን 3 የተወለደች ልጅ ብትመጣ «እንዲህ ያለ ቀን የለም» ይላል። የሚሻለው ቀኑን በአውሮፓ አቆጣጠር አስቀምጦ ለሰው በሚታይበት ጊዜ መለወጥ ነው። ይህን ለክበቡ ልጆች የቤት ሥራ ሰጥተናቸው ከእኛ የተሻለ አድርገው ሠሩት።

የአርባ አንድ ጊዜ ምልልስ

ማርኩ ከጠፋብን በኋላ ክላውዱን በሙሉ ዓይናችን ማየት አቃተን። ስለዚህ ፕሮግራሙን ወደ ትምህርት ቤቱ ኮምፒዩተር መልሰን መረጃውን ብቻ ጀርመን፣ ፍራንክፈርት በሚገኝ አገልጋይ አስቀመጥን። ጠንቃቆች የሆንን መስሎን ነበር። አንድን ክፍል ለማየት ስድስት ሴኮንድ ይፈጅ ጀመር። ልጆቹ «ኔቱ ነው» አሉ፤ በካርቱም ሁሉም ነገር የሚሳበበው በኔቱና በመብራቱ ነውና። ምክንያቱ ግን ሌላ ነበር።

ላይብረሪው የሚያደርገውን ሁሉ እንዲጽፍ አዝዘን ተመለከትን። አርባ ተማሪ ላለበት ክፍል መጀመሪያ የተማሪዎቹን ዝርዝር ይጠይቃል፤ ይህ አንድ ጥያቄ ነው። ከዚያ ለእያንዳንዱ ተማሪ ማርኩን ለብቻው ይጠይቃል፤ ይህ አርባ ጥያቄ ነው። በድምሩ 41። አንድ መምህር አንዲት ጠመኔ ባስፈለገው ቁጥር ተማሪ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት እየላከ አርባ ጊዜ ቢያመላልስ ማለት ነው፤ ፓኬቱን በአንድ ጊዜ ማስመጣት ሲችል። ግምጃ ቤቱ በግቢው ውስጥ ሲሆን ማንም አያስተውለውም። እኛ ዘንድ ግን ግምጃ ቤቱ ፍራንክፈርት ነው።

ይህ ለፊዚክስ ክፍለ ጊዜ የሚሆን ጥሩ ጥያቄ ነው። ከካርቱም ፍራንክፈርት በቀጥታ መስመር ከ4000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ብርሃን በመስታወት ሽቦ ውስጥ በሴኮንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ደርሶ መልስ 8000 ኪሎ ሜትር ብንል 8000 ሲካፈል ለ200,000 ይሆናል 0.04 ሴኮንድ፤ ማለትም 40 ሚሊ ሴኮንድ። ይህ ምንም ኩባንያ፣ ምንም ገንዘብ ሊያሳጥረው የማይችል ወሰን ነው። ሽቦው ግን በቀጥታ አይሄድም፤ በቀይ ባሕር ዞሮ፣ በብዙ ጣቢያ አልፎ ነው የሚደርሰው። እኛ የለካነው 150 ሚሊ ሴኮንድ ገደማ ነበር። በ41 ሲባዛ ስድስት ሴኮንድ ከምናምን ይሆናል። ምስጢሩ ይህ ነበር።

ጃንጎ ማርኮቹን በአንድ ላይ አስቀድሞ እንዲያመጣ የሚያዝ አንዲት ቃል አለችው። ያችን ስንጨምር 41 የነበረው ጥያቄ 2 ሆነ፤ ጊዜውም ከግማሽ ሴኮንድ በታች ወረደ። በኋላም ፕሮግራሙንና መረጃውን በአንድ ከተማ አደረግናቸው፤ ረጅሙን መንገድ የሚሄደው የመምህሩ አንድ ጥያቄ ብቻ እንዲሆን። እንግዲህ ላይብረሪ ሲመረጥ «ስንት ጊዜ ተመላለስህ?» ተብሎ ሲጠየቅ በቀላሉ የሚመልስ መሆኑን ማረጋገጥ ይገባል። ሥራውን የሚደብቅ ሠራተኛ፣ ምንም ያህል ትሑት ቢሆን፣ አይቀጠርም።

ከዚሁ ጋር የሚዛመድ አንድ ነገር በአጭሩ እንጨምር። ፖስትግሬስኪውኤል ሌላ ካልተነገረው በቀር በአንድ ጊዜ የሚያስተናግደው 100 ግንኙነት ነው። የፕሮግራሙ እያንዳንዱ ቅጂ 10 ግንኙነት ቢይዝና ውጤት በሚነገርበት ቀን ክላውዱ 12 ቅጂ ቢያስነሣ 120 ይሆናል። በዚያን ቀን ፕሮግራሙ የሚወድቀው አነሰ ተብሎ ሳይሆን በዛ ተብሎ ነው። ላይብረሪው ግንኙነቶቹን የሚቆጥብበት መንገድ አለው ወይ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሁለት ጊዜ የተጫነች ቁልፍ

በ1913 የተመሠረተው የካርቱም ባንክ «ባንካክ» የሚባል የስልክ ፕሮግራም አለው። ከጦርነቱ በፊትም ብዙ ሰው ይጠቀምበት ነበር፤ ጦርነቱ ጥሬ ገንዘብ ካጠፋ በኋላ ግን ለብዙ ቤተሰብ ዳቦ የሚገዛው በእርሱ ሆነ። ገንዘብ ማስተላለፍ ማለት ሁለት ጽሕፈት ነው፤ ከአንዱ ሒሳብ መቀነስና በሌላው ላይ መጨመር። የመጀመሪያው ተጽፎ ሁለተኛው ሳይጻፍ መብራት ቢጠፋ ገንዘቡ የት ሄደ? የመረጃ ቋቶች ለዚህ ያላቸው መልስ «ትራንዛክሽን» ይባላል፤ ሁለቱም ይጻፋሉ ወይም አንዱም አይጻፍም። ቋቱ የሚያደርገውን ሁሉ አስቀድሞ በዕለት መዝገብ ላይ ያሰፍራል፤ ወድቆ ሲነሣ መዝገቡን አንብቦ ያለቀውን ያጸናል፣ ያላለቀውን ይሰርዛል። የጥሩ ትራንዛክሽን አራት ጠባዮች በ1983 በሄርደርና በሮይተር ስም ተሰጥቷቸዋል።

ላይብረሪዎች እዚህ ላይ ጠባያቸው ይለያያል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ነው። ጃንጎ፣ ካልተነገረው በቀር፣ እያንዳንዱን ጽሕፈት ወዲያውኑ ያጸናል። ሁለቱን ጽሕፈቶች በአንድ ማሰር ከፈለግህ አንተው ራስህ «እስከዚህ ድረስ አንድ ነው» ብለህ መንገር አለብህ። ኤስኪውኤል አልኬሚ ደግሞ በተቃራኒው ትራንዛክሽኑን ራሱ ይከፍታል፤ አንተ «አጽና» እስክትለው ይጠብቃል፤ ካላልከው ሁሉንም ይተወዋል። አንዱን ለምዶ ወደ ሌላው የሚሻገር ሰው ወይ ግማሽ ሥራ ያጸናል ወይ ሙሉውን ያጣል።

ትራንዛክሽን የማይፈታው ችግርም አለ። ወላጅ የትምህርት ቤት ክፍያ ለመክፈል ቁልፉን ተጫነ እንበል። ጥያቄው አገልጋዩ ዘንድ ደረሰ፣ ተጻፈ፣ ጸና፤ «ተከፍሏል» የሚለው መልስ ሲመለስ ግን መስመሩ ተቋረጠ። ወላጁ ምንም ስላላየ እንደገና ይጫናል። ሁለት ጊዜ ከፈለ። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ገንዘብ ያዡ ከጥንት ጀምሮ የሚያውቀው ነው፤ የደረሰኝ ቁጥር። ስልኩ ቁልፉ ከመጫኑ በፊት አንድ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ደግሞ ቢጫንም ቁጥሩ ያው ነው፤ ቋቱም «ይህ ቁጥር አንድ ጊዜ ብቻ ይጻፋል» ተብሎ ታዟል። ይህን ትእዛዝ በፕሮግራሙ ሳይሆን በቋቱ ላይ እንድታሰፍር የማይፈቅድ ላይብረሪ ለገንዘብም ለማርክም አይሆንም።

በፌብሩዋሪ 2024 መጀመሪያ በሱዳን ያሉት ዋና ዋናዎቹ የስልክ ድርጅቶች መስመር ተዘጋ። መረጃው አልጠፋም፤ ሒሳቡም እንደ ነበረ ነው፤ ነገር ግን የሚደርስበት ሰው አልነበረም። አንዳንዱ በሳተላይት ኢንተርኔት በሚሠሩ ቦታዎች በሰዓት እየከፈለ ገንዘቡን ለማየት ተሰለፈ። መረጃ መኖሩና መረጃ መገኘቱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ የለም። መስመር በሚቆራረጥበት አገር የሚሠራ ፕሮግራም በስልኩ ወይም በክፍሉ ኮምፒዩተር ላይ ጽፎ፣ መስመር ሲገኝ ከአገልጋዩ ጋር ማመሳከር የሚችል ቢሆን ይመረጣል። ያ የወቀስነው ኤስኪውኤላይት እዚህ ላይ ጀግና ሆኖ ይመለሳል። ማመሳከሩን እንደ ሙያ የያዘው ካውች ዲቢ የሚባል ቋትም አለ። ይሁንና ሁለት መምህራን መስመር ሳይኖር የአንድን ተማሪ ማርክ በየፊናቸው ቢያርሙ የማን ይጽና? ይህን ላይብረሪ አይወስነውም፤ የትምህርት ቤቱ ደንብ ነው የሚወስነው።

መውጫ በር

ከኖቬምበር 1997 እስከ ኦክቶበር 2017 ድረስ ሱዳን በአሜሪካ የንግድ ማዕቀብ ሥር ነበረች፤ ሽብርተኝነትን ይደግፋሉ ከተባሉ አገሮች ዝርዝር የተፋቀችው ደግሞ በዲሴምበር 2020 ነው። በማዕቀቡ ዘመን በካርቱም የሚኖር ሰው ከአሜሪካ ኩባንያ ማሽን መከራየት ይቅርና የሚከፍልበት ካርድ አልነበረውም። ማዕቀቡ ከተነሣም በኋላ ልማዱ ቶሎ አልለቀቀም። የእኛን ኪራይ ይከፍልልን የነበረው ዱባይ የሚኖር የአንዱ መምህር ዘመድ ነው። ልጁ ሥራ ቢቀይር ወይም ካርዱ ጊዜው ቢያልፍበት የመላው ትምህርት ቤት ማርክ በእርሱ ኪስ ላይ ተንጠልጥሏል።

አንዳንድ የክላውድ ቋቶች በአንድ አከራይ ቤት ብቻ የሚገኙ ናቸው። የአማዞን ዳይናሞ ዲቢ በ2012፣ የጉግል ፋየርስቶር በ2017 የወጡ ሲሆኑ ሁለቱም ጠንካሮች ናቸው፤ ፋየርስቶር መስመር በሌለበት መጻፍም ይችላል። ነገር ግን ከእነርሱ ላይብረሪ ጋር የተጻፈ ፕሮግራም ከቤቱ ሲወጣ ልብሱን ጥሎ ነው የሚወጣው፤ እንደገና መጻፍ አለበት። ሥራ ለመጀመር የሚያፋጥነው ሁሉ ለመውጣት የሚያዘገይ መሆኑን አስቀድሞ ማሰብ ያሻል። በአንጻሩ በኢትዮጵያም በሱዳንም ለጤና መረጃ የዋለውን ዲ.ኤች.አይ.ኤስ. 2 የሚባለውን ፕሮግራም እንመልከት። የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጀው ነው፤ የሚሠራው በሃይበርኔትና በፖስትግሬስኪውኤል ነው። ሁለቱም ያለ ክፍያ የሚገኙ ስለሆኑ አንድ ሚኒስቴር በራሱ ሕንፃ ውስጥም፣ በክላውድም፣ ካስፈለገም በአንድ ላፕቶፕ ላይ ሊያስነሣው ይችላል። እኛ ወደዚህኛው መንገድ እናዘነብላለን፤ የሚከራከረን ቢኖርም።

ፖስትግሬስኪውኤል መረጃውን በሙሉ በሰው ዓይን በሚነበብ አንድ የጽሑፍ ፋይል ይገለብጣል። ይህን ግልባጭ ዘወትር ሐሙስ፣ የሱዳን የትምህርት ሳምንት ሲያልቅ፣ በሁለት ፍላሽ ላይ እናወጣ ነበር፤ ፍላሾቹ የተማሪ ምስጢር የያዙ ስለሆኑ በይለፍ ቃል የተቆለፉ ነበሩ። በወሩ መጨረሻ ደግሞ የክበቡ ልጆች ግልባጩን በባዶ ኮምፒዩተር ላይ ከፍተው ከአንድ ክፍል ሮስተር ጋር ያስተያዩታል። ተከፍቶ ያልታየ ግልባጭ ግልባጭ አይባልም። አንድ ጊዜ እንዲያውም ፋይሉ ባዶ ሆኖ አገኙት፤ ዲስኩ ሞልቶ ኖሮ ማንም ሳያውቅ ሦስት ሳምንት ባዶ ስንገለብጥ ከርመናል።

የመጨረሻው ግልባጭ የወጣው በጸሎተ ሐሙስ ነው። ቅዳሜ ጧት ተኩስ ተጀመረ። አንደኛው ፍላሽ ትምህርት ቤቱ ቢሮ መሳቢያ ውስጥ፣ ከሮስተሮቹና ከማርክ ሊስቶቹ ጋር ቀረ። ሁለተኛው ከመካከላችን በአንዱ የቁልፍ መያዣ ላይ ተንጠልጥሎ በገዳሪፍ በኩል በመተማ ገባ። የፍራንክፈርቱ አገልጋይ ለጥቂት ጊዜ ያለ ጠባቂ ሲሠራ ቆይቶ ኪራዩ ሲቋረጥ ተዘጋ።

ጎንደር ላይ በተውሶ ላፕቶፕ ፖስትግሬስኪውኤልን ጭነን ግልባጩን ከፈትነው። ስሞቹ በፊደላቸው፣ ማርኮቹ በዐምዳቸው፣ «ቀሪ» የተባሉትም በቦታቸው ነበሩ። ዐሥረኛ ክፍል የነበረች አንዲት ተማሪያችን ከእናቷ ጋር መጥታ ስለነበር የመጀመሪያውን ትራንስክሪፕት ያተምነው ለእርሷ ነው። በማግሥቱ ልታስገባት የፈለገችበት ትምህርት ቤት ድረስ አብረናት ሄድን። ርዕሰ መምህሩ ወረቀቱን ተቀብለው መነጽራቸውን አደረጉ፤ ከላይ እስከ ታች አነበቡት፤ ገልብጠው ጀርባውን አዩ፤ ከዚያም ቀና ብለው፣ «መልካም ነው፤ ማኅተሙስ የታለ?» አሉን።